ሊቁ ያልተቀመጡባት ወንበር

«ቆሜ ስጠብቅህ ጥላዬ ደከመ፣
እኔስ… ን ን ን ን… ታመመ።»

እማማ አትንኩ ከሁለተኛው ስንኝ የምታውቀው ጫፍና ጫፉን ብቻ ነው። ዘፈኑን በልጅነቷ ከየት እንደሰማችው፣ ማን እንዳንጎራጎረው፣ የታመመው ልብ ይሁን ዓይን፣ ሁሉም ጠፍቶባታል። ጠፋብኝ ብላ ግን አትጨነቅም። ጠዋት ጠዋት የሊቁን ቤት መስኮቶች አንድ በአንድ ስትከፍት፣ የጎደለውን በአፍንጫዋ እየሞላች ታንጎራጉረዋለች። የጎደለን ነገር መሙላት ለእሷ ከብዷት አያውቅም። ኋላ ጣጣ ውስጥ የከተታትም ይኸው ነው።

ከተማዋ የኮሌጅ ከተማ ናት፤ በዚህች ከተማ ደግሞ ከኗሪው ይልቅ ሟቹ የተሻለ ቤት አለው። ተማሪዎቹ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው በየተራ ሲተኙ፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው መምህራን እያንዳንዳቸው ሙሉ ቤት ከነግቢው፣ ከነአትክልቱ ይዘው ተንደላቀው ይኖራሉ። ከኮሌጁ በር ወደ ግራ ሲታጠፉ ሆዳቸው በገለባ የተሞላ ወፎች ሙዚየም አለ። እሱን አለፍ ሲሉ የድሮ ሐኪሞች መጋዝና መቆንጠጫ የተደረደረበት፣ ጎብኚ ጉንጩን ይዞ የሚወጣበት ቤት ይመጣል። ከዚያ መድኃኒትና መርዝ ጎን ለጎን ተከባብረው የሚበቅሉበት የዕፅዋት ቦታ አለ። መንገዱ ሊያልቅ ሲል፣ የጎብኚውም ጫማ መጥበብ ሲጀምር፣ የሊቁ ቤት ይገኛል።

ሊቁ ዕድሜ ልካቸውን በድንጋይና በግንድ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበት ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ይነሣሉ፣ በአጉሊ መነጽር ድንጋይ ያያሉ፣ ማታ ይተኛሉ። አላገቡም፣ አልወለዱም፣ ከሰው አልተጣሉም። ለኖረው ሰላም፣ ለአስጎብኚው ግን ፈተና የሆነ ሕይወት ነው።

እማማ አትንኩ የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው። «አትንኩ፣ ልጆቼ፣ አትንኩ» ስትል ስለምትውል፣ እውነተኛ ስሟን ከባሏና ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውስ የለም። ቤቱን ትከፍታለች፣ ትወለውላለች፣ ታስጎበኛለች፣ ትዘጋለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሰጣትን ብቻ ትናገር ነበር፦ ይህ የሊቁ ጠረጴዛ ነው፣ ይህ የሊቁ ድንጋይ ነው፣ ይህም ሌላ ድንጋይ ነው። ጎብኚው ያዛጋል። እሷ ደግሞ ሰው ፊቷ ሲያዛጋ አንጀቷ አይችልም። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ስታጥበው ራሷ የሰነጠቀችውን ኩባያ እያሳየች፣ «ሊቁ አሳዛኝ ወሬ ሰምተው ከእጃቸው የወደቀ ነው» አለች። ያዛጋ የነበረው ሁሉ አፉን ገጠመ። ውሸት አላለችውም፤ ማጣፈጫ አለችው። ጨው በዛ ብሎ የመለሰላት ሰው ስላልነበረ፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ጨመረችበት።

ቤቱ ወንበር በወንበር ነው። ሁሉም ግን ቅርስ ነውና ሠራተኛ አይቀመጥበትም። ከቢሮ የመጣላት አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነበር፤ እሱንም የሙዚየሞቹ ኃላፊ «የቤቱን ድባብ ይሰብራል» ብሎ አስወሰደው። እናም እማማ አትንኩ በወንበር መሐል ቆማ ትውላለች፤ ምሳዋንም ጓዳ ገብታ መደርደሪያ ተደግፋ እንደ ፈረስ ቆማ ትበላለች።

ጉልበቷ ማበጥ ሲጀምር መጀመሪያ ያየው ባሏ ነው። ባሏ የኮሌጁ አናጢ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የተማሪ አግዳሚ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። አግዳሚ የሚያይ ተማሪ የለም፤ ወይ ሰሌዳውን ያያል፣ ወይ አግዳሚው ላይ ይተኛል። የሠራውን ሁሉ ተቀመጡበት እንጂ አንድም ቀን ማን ሠራው ያለ የለም፤ እሱም ይህን ልማድ አድርጎት ነበር።

«እዚያ ቤት ያለው ወንበር ምን ይመስላል?» አላት አንድ ቀን።

እግሩ ወደ ታች እየቀጠነ እንደሚሄድ፣ መደገፊያው ላይ ቅጠል እንደተቀረጸበት ነገረችው። ከዚያ ሰንበትበት ብሎ ከጓሮ የመላጊያ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ከፈረሰ አዳራሽ ያገኘውን አሮጌ ጣውላ ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት እንደ ሕፃን ጉንጭ አለሰለሰው፣ መደገፊያው ላይ ቅጠል ቀረጸበት። ጨርሶ ሲያስረክባት «ድባቡን እንዳይሰብር ነው» አለ። በትዳር ዘመናቸው ከአፉ ከወጣው የፍቅር ቃል ትልቁ ይህ ነው።

ወንበሯን የሊቁ ጽሕፈት ክፍል ውስጥ፣ ወደ አትክልቱ በሚያየው መስኮት ሥር አኖረቻት። ከቤቱ ዕቃ ጋር እንደ እህትማማች ተመሳስላ ተቀመጠች። ኃላፊው ራሱ በአጠገቧ አልፎ አላያትም። እማማ አትንኩ ጎብኚ ሲሳሳ ቁጭ ትላለች፣ ጽጌረዳውን ታያለች፣ ጉልበቷን ታሻለች። እንዲህ አንድ የደስታ ዘመን አለፈ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ጫማዋን አውልቃ ተደላድላ ሳለች፣ አንዲት ባለ መነጽር ጎብኚ ኮቴዋ ሳይሰማ በሩ ላይ ቆመችባት።

«ይቅርታ እማማ፣ ይህችኛዋ ወንበር መግለጫ የላትም?»

እማማ አትንኩ ብድግ አለች። እግሯ ጫማ ፍለጋ ወለሉን ሲዳብስ አፏ ቀድሟት ሄደ።

«ይህቺማ፣ ሊቁ ማታ ማታ ይቀመጡባት የነበረች ናት።»

«እርስዎም ይቀመጡባታል?»

«እንዳትደርቅ ነው እንጂ፣ የኔ ልጅ። እንጨት ሰው ካልተቀመጠበት ይደርቃል።»

ጎብኚዋ አዲስ ዕውቀት እንዳገኘ ሰው ራሷን ነቀነቀች። «ታዲያ ማታ ማታ እዚህ ምን ያደርጉ ነበር?»

ዝም ማለት የነበረባት ይኼኔ ነው። ግን መስኮቱ ክፍት ነበር። ፀሐይ አትክልቱ ላይ ዘንበል ብላለች፣ የጽጌረዳው ጥላ እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ ተስቧል፣ ከወዲያ አንድ ወፍ የሚወደውን ይጠራል። 

«ይጠብቁ ነበር» አለች። «የምትመጣ ሰው ነበረች። አልመጣችም።»

ጎብኚዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ እንባዋንም አብራ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጇ ወጣ። ያቺ ያልመጣች ሴት መጀመሪያ ነጭ ቀሚስ ለበሰች፤ ቀጥሎ ጃንጥላ ያዘች፤ እያደር አንድ ቀን እስከ አትክልቱ በር ድረስ መጥታ፣ እጇን መዝጊያው ላይ አኑራ ተመለሰች። እማማ አትንኩ ይህን ስትናገር ራሷም እንባዋ ይመጣል። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲያይ የኖረ ሰው በመጨረሻ የሚወዳት አገኘ። ተማሪዎች በኮሌጁ መጽሔት ጻፉት። ሊጋቡ ያሰቡ፣ የተኳረፉ፣ የተለያዩ፣ ሁሉም ወንበሯን ሊያዩ ይመጡ ጀመር። የወፎቹ ሙዚየም ጎብኚ አጥቶ ወፎቹ እርስ በርስ ተፋጠጡ።

ኃላፊውም ሊሰማ መጣ። ወጣት ዶክተር ነው፤ የተማረው አሮጌ ነገር ነው። ታሪኩን ጥግ ይዞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በማግስቱ ከነመቆሚያው ቀይ ገመድ መጣ። ካርድም ተለጠፈ፦ «ሊቁ የልባቸውን ሰው የጠበቁባት ወንበር።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቀው ስላቆዩልን እናመሰግናለን፣ እማማ» አላት። «ከእንግዲህ ግን አደራ፣ ማንም እንዳይቀመጥባት።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«እንዳትደርቅ ለአፍታ እንኳ ቁጭ ብል…»

«እርስዎም ቢሆኑ፣ እማማ» አለ በትሕትና።

እናም የገዛ ወንበሯን በገዛ አፏ ከገመድ ወዲያ አሻግራ፣ ከገመድ ወዲህ ቆማ መጠበቅ ጀመረች። እውነቱን ልናገር ብላ ያላሰበችበት ቀን የለም። ግን ወንበሯ የኔ ናት ካለች፣ «ሴትዮዋስ?» ሊሏት ነው። ከሴትዮዋ ወደ ኩባያው፣ ከኩባያው ወደ ሌላው እያሉ ቤቱን ባዶ ያስቀሩታል። ድንጋዩ ብቻ ይተርፋል። ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ዋሾ ተብላ ከሥራ ብትወጣ ማን ይቀጥራታል?

የግቢው አትክልተኛ ነገሩን ያውቃል፤ ወንበሯ በጋሪ ስትገባ የደገፈው እሱ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ በጓዳው መስኮት ብቅ ብሎ፣ «ምነው ቆመሽ ቀረሽ እቴ? ሴትዮዋ መጥታ ወንበሩን ያዘችብሽ?» ይላታል።

«ሥራህን ሥራ አንተ።»

«ኧረ እኔ ምን አልኩ። ስትመጣ ብቻ ጽጌረዳዬን እንዳትረግጥብኝ ንገሪልኝ።»

ከሁሉ የከፋው ግን ቤቷ ነው። ባሏ ማታ ጫማውን እያወለቀ፣ «ወንበሯ ተመቸችሽ?» ይላል።

«እንዴታ። እንደ ንግሥት ነው የምውለው።»

«ታዲያ ጉልበትሽ ምነው አልተሻለው?»

«ብርዱ ነዋ።»

ነገሩ ብርዱ እስኪያልፍ እንኳ ተደብቆ አልቆየም። የጎረቤት ልጅ ከእጮኛዋ ጋር የተነሣችውን ፎቶ በስልኳ ልታሳያቸው መጣች። ሁለቱ ፈገግ ብለዋል፤ ከኋላቸው ቀይ ገመድ፤ ከገመዱ ኋላ ወንበሯ። አናጢው መነጽሩን አደረገ፣ ስልኩን ራቅ አድርጎ ያዘ፣ ቀረብ አደረገ። የራሱን ቅጠል አወቃት። ልጅቱ የሊቁንና የሴትዮዋን ታሪክ ከነጃንጥላው ተርካለት ወጣች።

«ላንቺ የሠራሁትን ለሙት ሰጠሽው?» አለ።

«አልሰጠሁም እኮ። አመለጠኝ።»

«ለሰውዬው ድንጋዩ አይበቃውም ነበር?»

ከዚያ ዝም አለ። ባሏ ድሮም ዝምተኛ ነው፤ ግን የሚናገረው የሌለው ሰው ዝምታና የሚናገረው ሞልቶ አፉ ላይ የቆመበት ሰው ዝምታ ለየቅል ናቸው፤ እሷም ከሁለቱም ጋር ኖራ ለይታ ታውቃለች። ይኸኛው ሁለተኛው ነበር። ቀን በቀን እየወፈረ ሄደ። በዓይኗ ፈንታ ከራሷ በላይ ያለውን ግድግዳ ያያል። ጓሮ ያለው መላጊያ ዝም አለ። ቆመው የዋሉ እግሮቿን ይዛ ስትገባ፣ ከጉልበቷ ይልቅ ያ ዝምታ ይጠዘጥዛት ጀመር። ሊቁን በፍቅር አጥምቃ ባሏን ድንጋይ አደረገችው። ይህ ሰው ዳግመኛ ካላናገረኝስ ብላ ፈራች፤ ከዚህ የከፋ ምንም አልታያትም።

አንድ ቅዳሜ፣ ቤቱ በጎብኚ ተሞልቶ ሳለ፣ ባሏ የሠርግና የለቅሶ ኮቱን ለብሶ በዋናው በር ገባ። ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ ቤት እግሩን አግብቶ አያውቅም።

«አባባ፣ እርስዎ ቤተሰብ ነዎት፣ ዝም ብለው ይግቡ» አለችው ትኬት ቆራጯ።

«ጎብኚ ነኝ» አለና ከፍሎ ትኬቱን ኪሱ ከተተ።

እማማ አትንኩ ከሕዝቡ መሐል ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ አየችው። ከኋላ ደግሞ ኃላፊው እንግዶች ይዞ ቆሟል። በምግብ ክፍሉ አለፉ፣ በድንጋዮቹ አለፉ፣ ጽሕፈት ክፍሉ ደረሱ። ሁሉም ወንበሯን ከበበ።

«ይህች እንግዲህ…» ብላ ጀመረች፤ «ሊቁ…»

«እመቤቴ» አለ አናጢው፣ እንደማያውቃት ሰው። «ሠሪው ማን ነው?»

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም።  እማማ አትንኩ ባሏን አየችው፤ እሱም ካኮረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት።

«ሠሪው የዚሁ ከተማ አናጢ ነው» አለች። ድምፅዋ ዝግ አለ። «ለሊቁ ብሎ አልሠራትም። የሠራት ለሚስቱ ነው። ሚስቱ ጉልበቷን ያማት ነበር።»

«ታዲያ እዚህ እንዴት መጣች?» አለ አንድ ተማሪ።

«ሚስቲቱ ናት የሰጠቻት። ሞኝ ነበረች። ሰው ደስ እንዲለው ብላ የሌላትንም ያላትንም ትሰጥ ነበር።»

«ባልየውስ ምን አለ?» አለ አናጢው።

«ምንም አላለ። ነገር የማያወጣ ሰው ነበር። ቢሳደብ ይሻላት ነበር።»

«ምናልባት» አለ አናጢው ባርኔጣውን እያዞረ፣ «የሚለው ጠፍቶት ይሆናል።»

«ምናልባት። እሷ ግን እጁን ታውቀው ነበር። ይህን ቅጠል እዩት፤ ጅማቱን እዩት። እንዲህ አድርጎ የሚቀርጽ ሰው ምን ያህል እንደሚወዳት እያወቀች፣ አንድ ቀን እንኳ እጅህን ይባርከው አላለችውም። ሰዎች ሁሉ ሊቁ ለጠበቋት ሴት ያለቅሳሉ። እኔ የሚያስለቅሰኝ ያ አናጢ ነው።»

አንዲት ሴት አፍንጫዋን ተናፈጠች። አናጢው ወደ መስኮቱ ዞሮ ጽጌረዳውን በጣም ትኩር ብሎ አየ።

ኃላፊው ግን ክንፍ አውጥቶ ሊበር ምንም አልቀረውም። «እማማ፣ ይህን ክፍል ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም» እያለ በሰው መሐል እየተሽሎከለከ መጣ። «የአናጢው ሚስት! ይህ እኮ ትልቅ ነገር ነው።» እዚያው በቆመበት አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ዋናዋ ከገመዱ ኋላ ትቆይ፤ ከጎኗ ግን ልክ እሷን የመሰለች ቅጂ ትሠራና፣ ጉልበቱን የደከመው ሁሉ የአናጢውን ሚስት እያሰበ ይቀመጥባት። «ጥሩ አናጢ ብቻ ከየት እናገኛለን? የዛሬ ባለሙያ ይህን አይችለውም።»

«ከኮሌጁ ጡረታ የወጣ አንድ አውቃለሁ» አለች እማማ አትንኩ። «እሱም ይችለው እንደሆነ እንጃ። ይጠየቅ።»

«እሞክራለሁ» አለ አናጢው።

እንዲህ ሆኖ አናጢው የራሱን ወንበር ሊለካ ከገመዱ ወዲያ ገባ። ከመግባቱ በፊት ቅርስ በባዶ እጅ ስለማይነካ ነጭ ጓንት አስለበሱት። ኃላፊው አጠገቡ ቆሞ፣ «ቀስ፣ አባባ፣ ቀስ» ይለዋል። አናጢው ገና ሳይለካ አንደኛው የኋላ እግር ከሌሎቹ በጥቂቱ እንዳጠረ ዓይኑ ያዘው፤ ያን ጊዜ ያመለጠው ጉድለት ነው።

«ይህቺን ላስተካክላት?» አለ።

«በፍጹም። ይህ የዘመኑ አሠራር ነው። በቅጂውም ላይ እንዳለ ይግባ፤ እናሻሽል እንዳይሉ።»

«አልልም» አለ አናጢው። ብሎም አያውቅም፤ ዝም ብሎ አደረገው እንጂ።

ከጓሮ መላጊያው እንደገና መዝፈን ጀመረ። ማታ ማታ እማማ አትንኩ በር ላይ ቆማ ታየዋለች፤ እሱም ከሥራው ቀና ሳይል፣ «ያን ብርጭቆ ወረቀት አቀብዪኝ» ይላል። ንግግሩ ከዚህ አይዘልም፤ ለእሷ ግን ቅኔ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ሳትጠይቀው፣ «ጃንጥላው ግን በዛ» አላት። ታረቁ ማለት ነው።

ቅጂዋ አልቃ ስትመጣ ኃላፊው በዋናዋና በእሷ መካከል እየተመላለሰ ብዙ ጊዜ አያት። መደገፊያውን ዳሰሰ፣ ቅጠሉን ዳሰሰ፣ ራቅ ብሎ አንገቱን ዘመም አደረገ።

«ጥሩ ሥራ ነው፣ አባባ። አይከፋም» አለ። «ግን ያው፣ ነፍስ የላትም። የድሮዎቹ እጅ ሌላ ነበር።»

«እውነትህን ነው፣ ልጄ» አለ አናጢው። «የድሮዎቹ ሌላ ናቸው።»

ነፍስ ስለሌላትም ገመድ አልተደረገላትም። «መቀመጥ ይፈቀዳል» የሚል ካርድ ብቻ ተለጠፈላት። ያን ጠዋት ሙሉ ጎብኚው እየተጋፋ ተቀመጠባት፣ ፎቶ ተነሣባት፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ጥልቅ አለባት። እማማ አትንኩ «ተራ በተራ፣ ልጆቼ» እያለች እንደ ወትሮው ቆማ ረፈደባት። የምሳ ሰዓት ሲደርስ የመጨረሻውን ጎብኚ ሸኝታ በሩን ዘጋች፣ ምሳ ዕቃዋን ከጓዳ አወጣች፣ በልማድ ወደ መደርደሪያው ሄደች።

«ወዴት ነው?» አላት ባሏ። መሣሪያውን ሊሰበስብ ቆይቶ ነበር፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። «ካርዱን ማንበብ አቃተሽ?»

ተመለሰች። ወንበሯን ዞር ብላ አየቻት፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ አንድ ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላውን አጥፋ ቁጭ አለች። ወንበሯ አልተነቃነቀችም። ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ ልታኖር ስትል ክንዷ አንድ ነገር ነካ። የቀኝ ክንድ መደገፊያው ሰፊ ነው፤ ከግራው ይሰፋል፣ ጠርዙም ዕቃ እንዳይንሸራተት ትንሽ ከፍ ብሏል። ምሳ ዕቃውን አኖረችበት። ልክክ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ዋናዋ ላይ የለም።»

«የለም።»

«ልካት ተብለህ አልነበር እንዴ?»

«ለክቼ ነው። ጓዳ ገብቼ ምሳ ዕቃሽን።»

«ዶክተሩ ቢያየውስ?»

«አይቶታል። የዛሬ አናጢ እጁ ትክክል አይደለም አለ» አለና ወደ ጽጌረዳው ዞረ። «ይልቅ ብዪ፣ ዳቦው ይደርቃል።»

ክዳኑን ከፈተች፤ ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ለባሏ ዘረጋችለት፣ እንቁላሉን ልጣ ጨው ነሰነሰችበት። ከገመዱ ኋላ ያለችው ወንበር ባዶዋን ተቀምጣለች። እማማ አትንኩ ጀርባዋን ደገፍ አደረገች፣ እግሯን ወደ ፀሐዩ ዘረጋች፣ መብላትም ጀመረች።